ወራት ያስቆጠረ የሆድ ሕመም፦ በሄደበት ሁሉ “ታይፎይድ” ይሉታል፤ ሌላ ምን ይመርመር?

የደሴዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም፤ ከኮምቦልቻ ጅቡቲ ከባድ መኪና ይነዳል። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሆዱን ያመዋል። ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ በቀኝ በኩል ይወጋዋል፤ ምግብ ከበላ በኋላ ደግሞ ቁርጠት ሆኖ ይመጣና ሆዱ ሲጮህ ቆይቶ ድንገት ይለቀዋል። ማታ ማታ ያተኩሰዋል፣ አንሶላው እስኪርስ ያልበዋል። በጣም ከስቷል። ልኩ የነበረው ሱሪ አሁን ያለ ቀበቶ አይቆምለትም።

በሄደበት ክሊኒክ ሁሉ ደም ይሰጣል፣ “ታይፎይድ አለብህ” ይሉታል፣ ሲፕሮ ይታዘዝለታል። ሳምንት ያህል ሻል ይለውና ይመለስበታል። አንዱ ጋ “ታይፎይድና ታይፈስ አንድ ላይ ነው” ብለው መርፌ ወጉት። ሌላው ጋ ሰገራው ላይ አሜባ ተገኘ ተባለ። ጨጓራ ነው ያሉትም አሉ፤ ኦሜፕራዞል ሲውጥ ከረመ። እጄ ላይ ያለው የመጨረሻው ወረቀት “ኦ 1 ለ 160፣ ኤች 1 ለ 160” ይላል። የደረት ራጅ ተነስቶ ንጹህ ነው ተብሏል። አያስለውም።

ታይፎይድ እንዲህ ወራት ይቆያል? ካልሆነስ ምን ምርመራ እንጠይቅ? ያለችን ገንዘብ በዚህ ሁሉ መመላለስ እያለቀች ነው፤ የማይጠቅመውን ትተን የሚጠቅመውን ብቻ ብናሠራ ደስ ይለኛል።

ላቦራቶሪ_ነኝ፦
እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ይህን “ኦ” እና “ኤች” የሚባል ነገር በየቀኑ የምሠራው እኔ ስለሆንኩ ስለ እሱ ብቻ ልናገር።

ምርመራው ዊዳል ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ያለ ነው። የሚፈልገው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ለባክቴሪያው የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ሌላ ዓይነት ሳልሞኔላ፣ ወባ፣ ከዓመታት በፊት የታመመው ታይፎይድ፣ ክትባትም ጭምር ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። እንደኛ ባለ አገር ውስጥ ደህና የሆነ ጤነኛ ሰው መንገድ ላይ አስቁመሽ ብታሠሪው 1 ለ 80 ወይም 1 ለ 160 (ማለትም ደሙ 80 ወይም 160 ጊዜ ቀጥኖም ምላሽ ሰጠ) ቢወጣ አይገርምም።

አሠራሩንም ልንገርሽ። አንዲት ጠብታ ሴረም ሰሌዳው ላይ፣ አንዲት ጠብታ ሪኤጀንት፣ በእንጨት ማደባለቅ፣ ማወዛወዝ፣ ከዚያ እንደ አሸዋ የተቋጠረ ነገር አለ ወይ ብሎ በዓይን ማየት። መታየት ያለበት በአንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ወረፋው በዝቶ ሰሌዳው ከተረሳ ጠብታው ከዳር ዳር ይደርቅና የተቋጠረ ይመስላል። ፖዘቲቭ ተብሎ ይጻፋል። በመመሪያ የተጻፈ የአሠራር ልክ ቢኖረውም ሥራ በበዛበት ቤት የሚሆነው ይህ ነው። የታይፈስ ምርመራ የሚሉትም ዌል ፊሊክስ የሚባል እ.ኤ.አ. ከ1916 የመጣ የዚያው ዘመድ ነው፤ ከዚህ የተሻለ እምነት አይጣልበትም።

ታይፎይድን በእርግጠኝነት የሚያሳየው የደም ካልቸር (ደሙ ውስጥ ያለውን ጀርም በላቦራቶሪ ማሳደግ) ነው። እሱም አንቲባዮቲክ ሳይጀመር ከተወሰደ ነው፤ ያኔም ቢሆን ከታመሙት ግማሽ ያህሉን ቢይዝ ነው።

እውነቱ_ይነገር፦
እንግዲህ ይኸው ነው! ዊዳል አይጠቅምም ካላችሁ ለምን ትሠሩታላችሁ? ሐኪሙ ያዛል፣ ላቦራቶሪው ይሠራል፣ ፋርማሲው ይሸጣል፣ ደሃው ይከፍላል። ልጁ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲሰቃይ አንድ ሰው “ቆይ እስኪ” አላለም። እኔ ብሆን ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ሰጥቼው ጸበል እወስደው ነበር፤ ቢያንስ ኪሱ አይራቆትም።

የውስጥ_ደዌ_ሐኪም፦
ቁጣህ ይገባኛል፤ በከፊልም ትክክል ነህ። ዊዳል የሚታዘዘው ርካሽ ስለሆነና ካልቸር የሚሠራ ላቦራቶሪ በየወረዳው ስለሌለ ነው። ሌላም አለ፤ ታማሚው ስሙ የታወቀ በሽታ ይዞ ካልወጣ “ምንም አላገኘልኝም” ብሎ ሌላ ክሊኒክ ይገባል። ጸበል የሚሄድ ሰው አልከለክልም፤ ምርመራውን አያቋርጥ ነው የምለው።

አሁን ወደ የደሴዋ ጥያቄ። ታይፎይድ አጣዳፊ በሽታ ነው። ካልታከመ በሳምንታት ውስጥ ወይ ይሻላል ወይ አንጀት እስከ መብሳት ይደርሳል፤ ለወራት እየመጣ እየሄደ ሰው አያከሳም። ባክቴሪያው ሐሞት ከረጢታቸው ውስጥ ለዓመታት የሚቀመጥባቸው ሰዎች አሉ፤ እነሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያማቸውም፣ ለሌላ ያስተላልፋሉ እንጂ።

የጻፍሽውን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ የአንጀት ቲቢ ነው። በቀኝ በኩል ዝቅ ብሎ ያለው ቦታ ትንሹ አንጀት ከትልቁ የሚገናኝበት ነው፤ ቲቢ አንጀትን ሲይዝ ከሁሉ አብልጦ የሚያጠቃው ይህን ቦታ ነው። ግድግዳው ይወፍርና መተላለፊያው ይጠብባል። የበላው ሲደርስ አንጀቱ ለማሳለፍ ይታገላል፣ ያን ጊዜ ይቆርጠዋል፤ ሲያልፍ ይጮህና ይለቀዋል። “ሲጮህ ቆይቶ ድንገት ይለቀዋል” ያልሽው ከወረቀቶቹ ሁሉ በላይ ጠቅሞኛል። የማታ ትኩሳት፣ ላብና መክሳቱ ሲጨመሩበት ሐሳቤ ይጠናል። ራጁ ንጹህ መሆኑ አያጽናናኝም፤ የሆድ ቲቢ ካለባቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሳንባቸው ላይ ምንም አይታይም።

ይህን ስል ቲቢ ነው ማለቴ አይደለም። ክሮንስ የሚባለው የአንጀት ቁስለትና ሊምፎማ የሚባለው የንፊፊት ካንሰርም ልክ ይህንኑ ይመስላሉ፤ የቆየ የትርፍ አንጀት መግልም ሊሆን ይችላል። ከባክቴሪያዎቹም ብሩሴላና ዬርሲኒያ አሉ። የሚለያቸው ከራሱ ከታመመው ቦታ የተወሰደ ናሙና ነው። የክንድ ደም ምልክት ይሰጥ ይሆናል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

እስቲ እነዚህን መልሺልኝ፦ ጥሬ ወተት ይጠጣል? መገጣጠሚያውን ወይም ወገቡን ያመዋል? አንገቱ ወይም ብብቱ ላይ ንፊፊት አለው? ቤት ውስጥ ወይም መኪናው ላይ አብሮት ቲቢ የታከመ ሰው ነበር? የኤችአይቪ ምርመራ አድርጓል? እስከዚያ ድረስ ሌላ አንቲባዮቲክ አይጀምር። ሲፕሮና ዘመዶቹ፣ በተለይ ሌቮፍሎክሳሲንና ሞክሲፍሎክሳሲን፣ የቲቢን ጀርም በከፊል ያዳክሙታል። ታማሚው ለጊዜው ሻል ይለዋል፣ ምርመራው ግን ይዘገያል።

የደሴዋ፦
ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኤችአይቪ ተመርምሮ ነጻ ነው። ንፊፊት የለውም። ወገቡን ያመኛል ይላል፤ እኛ ግን መንዳቱ ነው ብለን ትተነዋል። ወተቱን ስጠይቀው ሳቀብኝ። ሚሌና ሰመራ አካባቢ ሲያድሩ የግመል ወተት ሳይፈላ ነው የሚጠጡት፤ የላምም ይጠጣል። ረዳቱ የነበረው ልጅ ደግሞ አምና ሲያስለው ቆይቶ አገሩ ገባ፤ ምን እንደሆነ አናውቅም።

ጅዳ_ነዋሪ፦
የግመል ወተት ሲባል መጻፍ ግድ ሆነብኝ። እዚህ ሳዑዲ የቤት ሠራተኛ ነኝ። አሠሪዎቼ ከበረሃ የሚመጣ ወተት ይጠጣሉ፣ እኔም ጠጣሁ። ከዚያ ትኩሳት፣ ላብ፣ ወገብ፣ ከግራ ጎኔ ሥር የሚከብድ ሕመም ያዘኝ። መጀመሪያ “ድካም ነው” ተባልኩ። በኋላ አንድ ሐኪም ገና ሲያየኝ “ወተት ትጠጫለሽ?” አለኝና ደም አስወሰደ፤ ሑማ ማልጢያ ነው አለኝ። እኛ ብሩሴሎሲስ የምንለው ነው። ጣፊያዬ አብጦ ነበር። ስድስት ሳምንት ሁለት ዓይነት መድኃኒት ዋጥኩና ዳንኩ። እህቴ፣ ይህን አሠሩለት።

የውስጥ_ደዌ_ሐኪም፦
እህታችን ጥሩ አስታወሰችን። ብሩሴላ ሊታሰብ ይገባል፤ የወገቡ ሕመም ከእሱ ጋር ይሄዳል። ሮዝ ቤንጋል የሚባለው የመጀመሪያ ምርመራ ርካሽ ነው። ፖዘቲቭ ከሆነ መጠኑን የሚለካ ሌላ ምርመራና የደም ካልቸር ይከተሉታል። የካልቸሩን ጉዳይ ላቦራቶሪ_ነኝ ቢያብራራው ይሻላል።

ግን ቅድሚያ አልትራሳውንድ። በብዙ ከተማ አለ፣ ዋጋውም ይቻላል። ጥያቄው ላይ “የሆድ አልትራሳውንድ” ብቻ እንዳይጻፍ፤ “በቀኝ ታችኛው በኩል የአንጀት ግድግዳ ውፍረት፣ የሆድ ውስጥ ንፊፊቶች፣ የተቋጠረ ፈሳሽ” ተብሎ ይጻፍ። ጉበትና ኩላሊት ብቻ አይቶ “ኖርማል” ብሎ መመለስ የተለመደ ነው።

ላቦራቶሪ_ነኝ፦
ብሩሴላ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ካልቸር ስትልኩ “ብሩሴላ ተጠርጥሯል” ብላችሁ ጻፉ፤ በሁለት ምክንያት። አንደኛ፣ ጠርሙሱ ቶሎ ተዘግቶ እንዳይጣል። ሁለተኛ፣ እኛን በትንፋሽ የሚይዝ ጀርም ነው፤ ሳያውቅ ክፍት ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ባልደረባ ይታመማል። ይህን የሚጽፍልን ሐኪም እንመርቀዋለን።

ስቶክሆልም፦
በጉዳዩ ላይ ትንሽ ልጨምር። እኔ የታመምኩት ስዊድን ውስጥ ነው፤ በቀኝ በኩል ስለነበር ለትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተዘጋጅቼ ነበር። ሲቲ ስካን ሲነሳ ትርፍ አንጀቴ ደህና ነው፤ ያበጠው የትንሹ አንጀት መጨረሻና አጠገቡ ያሉት ንፊፊቶች ናቸው። ሰገራዬ ላይ ዬርሲኒያ ተገኘ። እዚህ ከአሳማ ሥጋ ጋር ይያያዛል ይላሉ፤ ማቀዝቀዣ ውስጥም ይራባል። ሕመሙ በሳምንታት ውስጥ ጠፋ፣ ጉልበቴ ግን ለወራት ሲያብጥ ቆየ። ለወንድምሽ የሚሆን አይመስለኝም፤ ስለ ምርመራው ግን አንድ ነገር ተምሬያለሁ፦ የተለመደው የሰገራ ካልቸር አያሳየውም፤ ሐኪሙ በስሙ ጠርቶ ካላዘዘ ላቦራቶሪው አይፈልገውም።

አዋላጅ_ነርስ፦
ይህን ክር የሚያነቡ ሴቶች ካሉ፦ ሉፕ ለረጅም ዓመታት ሳይወጣ ከቆየና ከእምብርት በታች የማይለቅ ሕመም፣ መክሳት፣ በአልትራሳውንድም እብጠት ከታየ አክቲኖማይሲስ የሚባል አለ። ካንሰር መስሎ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው አሉ። ጀርሙ አየር አይወድም፤ ናሙናው አየር በሌለበት ሁኔታ ሁለት ሳምንት ያህል ካልተጠበቀ አይገኝም። መግሉ ውስጥ ቢጫ እንክብሎች ይታያሉ። መዳኑ ይድናል፤ ፔኒሲሊን ግን ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ነው። ሉፕ መጥፎ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ በጊዜው ይውጣ ነው።

እውነቱ_ይነገር፦
ሐኪማችን፣ አንድ ጥያቄ። የጓደኛዬ ወንድም አሜሪካ ውስጥ “ዊፕል” የሚባል ነገር ተገኘበት ሲሉ ሰማሁ። እሱስ?

የውስጥ_ደዌ_ሐኪም፦
አለ፤ በጣም ጥቂት ሰው ነው የሚይዘው። ጆርጅ ዊፕል የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1907 የገለጸው ነው፤ ጀርሙን በላቦራቶሪ ማሳደግ የተቻለው ግን እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ ወንዶችን ነው። የመገጣጠሚያ ሕመም ከሆዱ በብዙ ዓመት ይቀድማል፤ ተቅማጥና መክሳት ይከተላል። የሚገኘው በኢንዶስኮፒ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ናሙና ተወስዶ ፒ.ኤ.ኤስ በሚባል ቀለም ሲታይ ነው፤ ቀለሙን በስሙ ያልጠየቀ ሐኪም ያልፈዋል። ሠላሳ ዓመት ላልሞላው፣ ለሚያልበውና በቀኝ በኩል ለሚያመው የኮምቦልቻ ሹፌር ግን ከዊፕል አልጀምርም። ብርቅ የሆነውን ከማሳደዳችን በፊት እዚሁ ያለውን፣ ግን ራጅና አክታ የማያሳዩትን እንፈልግ።

የደሴዋ፦
ይዘገያል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አሁን የምነግራችሁ አለኝ። አልትራሳውንዱ እንዳሉት ተጽፎ ተሠራ። “የትንሹ አንጀት መጨረሻና የትልቁ መጀመሪያ ግድግዳ ወፍሯል፤ ብዙ ንፊፊቶች አሉ፤ መጠነኛ ፈሳሽ አለ” ይላል። የብሩሴላው ምርመራ ደግሞ “ደካማ ፖዘቲቭ” ወጣ። እዚህ ያለው ሐኪም ዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒሲን ለስድስት ሳምንት ልጀምርለት ይላል። ይዋጥ? አዲስ አበባም ሪፈር ጽፎልናል።

የውስጥ_ደዌ_ሐኪም፦
ሐኪሙን ሳላነጋግር መድኃኒቱን አቁሙ አልልም። ይህን ወስደሽ ጠይቂው፦ “ቲቢ ሳይጣራ ሪፋምፒሲን ቢጀምር ችግር የለውም?” ሪፋምፒሲን የቲቢ ዋነኛው መድኃኒት ነው። ልጁ ቲቢ ካለበት ስድስት ሳምንት ሪፋምፒሲን ያለ አጋሮቹ ወሰደ ማለት ነው፤ ጀርሙ መድኃኒቱን እንዲለምድ መንገድ ይከፍታል። ናሙናውንም ያበላሻል። ደካማ ፖዘቲቭ የሆነ ሮዝ ቤንጋል ከከብትና ግመል ጋር በሚኖር ወይም ወተታቸውን በሚጠጣ ሰው ላይ የድሮ ንክኪ ሊሆን ይችላል። ብሩሴላ የአንጀት ግድግዳንም እንዲህ ማወፈሩ የተለመደ አይደለም። ልጁ ቆሞ የሚሄድ እስከሆነ ድረስ ቀናት መጠበቅ ይቻላል። ካስታወከ፣ ሆዱ ከተወጠረና አየርም ሰገራም ካልወጣለት ግን መጠበቅ የለም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል።

አዲስ አበባ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት) ያደርጉለታል። አደራ የምለው አንድ ነገር አለ፦ ናሙናው በሁለት ዕቃ ይግባ። አንዱ ፎርማሊን ውስጥ፣ ለፓቶሎጂ (ሥጋው በማይክሮስኮፕ ለሚታይበት)። ሌላው ንጹህ ሳላይን ውስጥ፣ ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ጀርም ዘረመል ለሚፈልገው ማሽን) እና ለቲቢ ካልቸር። ፎርማሊን ጀርሙን ይገድለዋል፤ ሁሉም ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ካልቸር የሚባል ነገር አይታሰብም። ፈሳሹ በመርፌ የሚደረስበት ከሆነ እሱም ይቀዳ፤ ፕሮቲን፣ አልቡሚን፣ የሴል ዓይነትና ኤ.ዲ.ኤ የሚባለው ኢንዛይም ይታይ። ኤ.ዲ.ኤ በሊትር ከ39 ዩኒት አካባቢ በላይ ከሆነ ወደ ቲቢ ያደላል፤ ብቻውን ግን አያስፈርድም፣ ሊምፎማም ከፍ ያደርገዋል። ፈሳሹን በማይክሮስኮፕ አይቶ “የቲቢ ጀርም የለም” የሚል ውጤት ቢመጣ አትዘናጉ፤ በዚያ መንገድ ከመቶ ሦስት ሰው እንኳ አይገኝም።

የደሴዋ፦
ሐኪሙ ጥያቄዬን ሲሰማ “ልክ ነሽ፣ መጀመሪያ ይጣራ” አለና መድኃኒቱን ሳይጀምርለት አቆየው። ኮሎኖስኮፒው ተደርጓል። ያየው ሐኪም ቁስለትና መጥበብ አለ፣ ክሮንስም ሊሆን ይችላል አለን፤ ስቴሮይድ ለመጀመር አስቦ ነበር፣ በኋላ ግን ናሙናው ይድረስ ብሎ ተወው። የሁለት ዕቃውን ነገር ስነግረው ነርሷን ሳላይን አምጪ አላት።

ላቦራቶሪ_ነኝ፦
ደግ ሐኪም ገጥሟችኋል። ሳላይን ውስጥ ያለው በእጅ ተይዞ በቶሎ ይድረስ፤ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ እንዳያድር። የፓቶሎጂው ቀናት ይፈጃል። የቲቢ ካልቸር እስከ ስድስት ሳምንት፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ ይቆያል። ጂን ኤክስፐርቱ ግን ማሽኑ ውስጥ ከገባ በሁለት ሰዓት ገደማ ይናገራል።

የደሴዋ፦
መጣ! ጂን ኤክስፐርቱ “የቲቢ ጀርም ተገኝቷል፤ ሪፋምፒሲንን የመቋቋም ምልክት አልታየም” ይላል። ፓቶሎጂውም ግራኑሎማ (የተቋጠሩ የመከላከያ ሴሎች) አለ፣ መሃሉ የሞተ ነው ይላል። እናቴ ስትሰማ አለቀሰች። እኔ ስሙ በመታወቁ ብቻ ቀለል ብሎኛል። መድኃኒቱ ስንት ነው የሚሸጠው?

የውስጥ_ደዌ_ሐኪም፦
አይሸጥም። በመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ መድኃኒት በነጻ ነው የሚሰጠው። ሁለት ወር አራት መድኃኒት፣ ከዚያ አራት ወር ሁለት። ለክሮንስ የሚሰጠው ስቴሮይድ ቀድሞ ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ የሰውነቱን መከላከያ አዳክሞ ቲቢውን ሊያሰራጨው ይችል ነበር፤ ያ ሐኪም መጠበቁ ልጁን አትርፎታል።

አንጀቱ ሲድን ጠባሳው አንዳንዴ መተላለፊያውን ይበልጥ ያጠብበዋል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ እየሠራ ቁርጠቱ ቢብስ መመለስ አለበት። ቤት ያሉት ሁሉ ይመርመሩ፣ በተለይ ሕፃናት። ያ ረዳትም ስልኩ ካላችሁ ይነገረው።

ፋርማሲስቱ፦
ሽንቱ ብርቱካናማ ይሆናል፤ ሪፋምፒሲኑ ነው፣ ደም አይደለም፣ እንዳይደነግጥ። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ካስታወከው ወይም ምግብ ጨርሶ ካስጠላው ግን ሳይውል ሳያድር ይመለስ፤ ጉበት ሊነካ ይችላል። መጠጥ ይተው። ጫት የሚቅም ከሆነም ይንገራቸው። ሹፌር ስለሆነ ደግሞ መድኃኒቱን መንገድ ላይ እንዳያቋርጥ ከጤና ጣቢያው ጋር ቀድሞ ይነጋገር፤ መጀመሪያዎቹን ወራት ቢያርፍ ይሻለዋል። ወተቱንም አፍልቶ ይጠጣ፤ ከብሩሴላ ሌላ የከብት ቲቢም በወተት ይመጣል።

አዳነች_ከሐዋሳ፦
ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እናቴ ሆዷ ውሃ ቋጥሯል፤ ሲኤ 125 የሚባል የደም ምርመራ በጣም ከፍ አለና የእንቁልጢ (ኦቫሪ) ካንሰር ነው ተባልን። ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይዘናል። ማታ ማታ እሷንም ያተኩሳታል። ይህ ቲቢ ሊሆን ይችላል?

የውስጥ_ደዌ_ሐኪም፦
ሊሆን ይችላል፤ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ሲኤ 125 የሆድ ዕቃ ሽፋን በተቆጣ ቁጥር ከፍ ይላል፤ የሆድ ቲቢም በመቶዎች ያደርሰዋል። ቀጠሮውን አትሰርዙ። ግን ከዚያ በፊት ፈሳሹ ተቀድቶ የካንሰር ሴል፣ ኤ.ዲ.ኤና ጂን ኤክስፐርት መታየቱን ጠይቂ። እነዚህ ካልለዩት በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ ገብቶ ከሽፋኑ ላይ ናሙና መውሰድ ይቻላል፤ ትልቁ ቀዶ ሕክምና ከዚያ ውጤት በኋላ ይወሰናል። የፈሳሹ ውጤት ሲመጣ ቁጥሮቹን እዚህ ጻፊልኝ፤ ስሟንና የካርድ ቁጥሯን ሸፍኚው።